የደሴ ልክ፣ የኮምቦልቻ ልክ

ልጅ ሳለሁ ሰዓት ወደ ደሴ የሚመጣው ከታች፣ ከቆላው ነበር። አሰብ ላይ ከመርከብ ይወርዳል፤ በሹፌር ክንድ ላይ ታስሮ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ ሚሌንና ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ያድራል፤ በማግሥቱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይዞ ወደ እኛ፣ ወደ ብርዱ ይወጣል። ፒያሳ ላይ በሱቅ መስኮት የተደረደረም ሰዓት ነበር። እኛ ልጆች ግን ሰዓት ብለን የምንቆጥረው መንገድ የመጣውን፣ በሰው እጅ ላይ አቧራ የጠገበውን ነው።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ቤታችን ሲገባ ናፍጣና የዓረብ ሽቶ አብረው ይገባሉ። ከጆንያው ቴምርና ብስኩት ያወጣልናል፣ እናቴን ስሞ ጤናዋን ይጠይቃል፣ ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ሰዓቱን አውልቆ መስኮቱ ደፍ ላይ ያኖራታል። የእኔ ዓይን ከቴምሩ ይልቅ እዚያ ላይ ነው። ሴኮ ፋይቭ ነበረች። ፊቷ ሰማያዊ፣ ሰንሰለቷ የብረት። በትንሿ መስኮቷ ውስጥ ዕለቱና ቀኑ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ዕለቱ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ በዓረብኛ። ለዓረብ አገር ገበያ የተሠራች ስለነበረች በሁለቱም ታሳያለች። ዓረብኛውን የሚያነብልን ቁርኣን ቤት የሚቀራ የጎረቤታችን ልጅ ነው። መስኮቱ ሥር ተንጠልጥሎ «ጁምዓ!» ሲል የሰፈር ልጆች ሁሉ እናምነዋለን፤ ማግሥቱ ቅዳሜ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ሰዓቷንም እሱንም አብልጠን እናከብራለን።

ሴኮ ፋይቭ ለሽያጭ የወጣችው እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ነው። ስሟ ላይ ያለው አምስት የምን እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ራሷን በራሷ ትሞላለች፤ ዕለትና ቀን በአንድ መስኮት ታሳያለች፤ ውኃ ትከላከላለች፤ መሙያዋ አራት ቁጥር አጠገብ ገባ ብሎ ተቀምጧል፤ አምስተኛው የሣጥኗና የሰንሰለቷ ጥንካሬ ነው። ሰንሰለቱ ከአምስቱ ውስጥ መቆጠሩ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ጃፓኖቹ እንደ ጌጥ አላዩትም፤ ከሰዓቷ አካል ነው የቆጠሩት።

አንድ ማታ አጎቴ ሰዓቷን እጄ ላይ አሰረልኝ። ክንዴን ቀና ሳደርግ ተንሸራታ ክርኔ ላይ ቆመች። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ብረቱ ከመስኮቱ ደፍ የወሰደውን የደሴን ብርድ ቆዳዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ። አጎቴም «አብሽር፤ እጅህ ይደርስባታል» አለኝ። ሰዓት ልክ እንዳለው፣ ልኩም የሚገኘው ከሰንሰለቱ እንደሆነ የተማርኩት ያን ማታ ነው።

ቀጥሎ ሌላ ሰዓት ያገኘሁት ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የፊዚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የኦምን ምልክት ጻፉልን፤ ከታች ተከፍቶ ሁለት እግር ያወጣውን ክብ። ፊት ወንበር ላይ ነበርኩና ጠመኔውን ባስቀመጡ ጊዜ ያው ምልክት፣ በጣም ደቃቅ ሆኖ፣ በእጃቸው ሰዓት ፊት ላይ ተቀምጦ አየሁት። ትምህርቱ ሲያልቅ ተከትያቸው ወጥቼ ጠየቅሁ። መምህሩ የሚቆጡ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ደረጃው ላይ ቆመው ሰዓቱን ፈቱና ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ብረቱ ላይ ጅራቱ የተጠመዘዘ የባሕር ፈረስ ተቀርጿል። ኦሜጋ ሲማስተር ነበረች፤ ከአባታቸው የወረሷት።

«አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲሮጥ ሰዓቱን የያዙት እነዚህ ናቸው» አሉኝ። እውነት ነው። ኦሜጋ በ1932 ከተካሄደው የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ለብዙ ኦሎምፒኮች ሰዓት ያዥ ሆኖ የኖረ ድርጅት ነው፤ የሮሙም የእሱ ነበር። አበበ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ የገባውም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። መምህሩ ያቺን ነጥብ ሁለት ሰከንድ ጨርሰው ነው የነገሩኝ፤ ለሰከንድ አንድ አምስተኛ እንኳ ተጠንቅቆ የሚቆም ሰው አለ ለማለት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሜጋ ስል የማስበው ስዊዘርላንድን አልነበረም። በባዶ እግሩ የሚሮጥ የአገሬን ሰውና በጣታቸው ሰዓት የያዙ ሰዎችን ነበር የማስበው።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስንመለስ ፒያሳ ላይ የአንድ ሰዓት ሰሪ ሱቅ አለ። ከአንድ በር የማትሰፋ ቤት ናት። ሰውየው የዓይን ማጉያውን በአንድ ዓይናቸው ላይ አጣብቀው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ የተበተነ ነገር በመቆንጠጫ ያነሣሉ። እኛ መስታወቱ ላይ አፍንጫችንን ተጭነን እንቆማለን። የደሴ ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሞላው በዚያች ሱቅ ውስጥ ያለችው አንዲት አምፖል ብቻ ጎልታ ትታያለች። ጋሼ አያባርሩንም ነበር። የሚቆጡት መስታወቱ በእስትንፋሳችን ሲደበዝዝባቸው ብቻ ነው፤ ያኔም በጨርቅ ጠርገው ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን አይቀበሉም፤ እጁን ይቀበላሉ። መዳፉን ገልብጠው የአንጓውን አጥንት በአውራ ጣታቸው ይነካሉ፣ ሥራውን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ነው ሰዓቱን የሚያዩት። ሲጨርሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው። «በሐበሻ ልሙላልህ በፈረንጅ?» ገበሬውና ነጋዴው በሐበሻ ይላሉ። የቢሮ ሰው በፈረንጅ ያስሞላና ቆጣሪው ከሚያሳየው ትይዩ ያለውን ቁጥር ያነባል። አጎቴ በሐበሻ ነበር የሚሞላት፤ ፀሐይ አሰብ ላይም ደሴ ላይም የምትወጣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብሎ።

የራሴን ኦሜጋ የገዛሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ያኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን እናቴ ደሴ ነበረችና በየሳምንቱ ሐረጎን እወጣና እወርድ ነበር። ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ዴይራ ገበያ ውስጥ ያገለገሉ የስዊስ ሰዓቶች የሚሸጡባቸው ሱቆች እንዳሉ የነገረችኝ እሷ ናት። «ወንድም ጋሼ፣ ያቺ ሁልጊዜ የምታወራላት ሰዓት ሳትሆን አትቀርም» ብላ በኢሞ ደወለችና ስልኳን ወደ መስታወቱ አዞረችልኝ።

ሁለት ኦሜጋዎች ነበሩ። አንደኛዋ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች፤ ፊቷ ነጭ፣ ጽሑፏ ጥቁር። ሁለተኛዋ ፊቷ ወደ ክሬም ያደላ፣ ጠርዟ ላይ ትንሽ የጠቆረ ነው። እኔ የፈለግሁት ሁለተኛዋን ነው። የድሮ ሰዓት ፊት እንደ አዲስ ሲያበራ አብዛኛውን ጊዜ ተፍቆ በሌላ እጅ እንደገና የተቀባ ነው። በስልክ ምስል እንኳ ፊደሉ ወፍሮ፣ የሰከንዱ ጭረቶች ከቦታቸው ፈቀቅ ብለው ይታያሉ። የፋብሪካው ጽሑፍ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላም እንደ ምላጭ ቀጭን ነው። ፊቱ አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም፤ አሮጌ ሰዓት የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱን ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። መስታወቱ ቢጫር ይቀየራል፣ ዘይቱ ቢደርቅ ይታጠባል።

ባለሱቁን የኋላ ክዳኑን እንዲከፍት ለመነችልኝ፤ ከፈተ። ውስጡ በኦሜጋ የዚያ ዘመን ሥራ የሚታወቀው የመዳብ ቀለም ነው። የማሽኑ ቁጥር 565፣ የሩቢ ድንጋዮቹ 24። የመለያ ቁጥሩ በ24 ሚሊዮን ይጀምራል፤ ይህ እንደ እኛ አቆጣጠር ወደ 1959 ዓ.ም. ገደማ ያመጣታል። በሰዓት 19,800 ጊዜ ትመታለች። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አስጠግታ ድምፅዋን አሰማችኝ። የገበያውን ጫጫታ አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ እኔ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቆሜ ሰማሁት። ዋጋዋ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ካጠራቀምኩት የወጣ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ላይ አውዬው እንደማላውቅ ግን ያለማመንታት እናገራለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ ነው የሚመጣው። የአክስቴ ልጅም ለእረፍት ስትመጣ እጇ ላይ አስራ አመጣቻት። ባለሱቁ በነፃ ሰንሰለቱን ላሳጥርልሽ ቢላት እንቢ አለችው። «የወንድሜ ነው፤ በእሱ እጅ ነው የሚለካው» አለችው። ስለዚህ ከዱባይ እስከ ቦሌ፣ ከቦሌ እስከ ደሴ ክርኗ አጠገብ፣ ከሹራቧ በላይ አድርጋት መጣች። እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ፈትታ ሰጠችኝ። «በጤና እሰራት!» አሉ አሮጊቶቹ። ክርስቲያኑም እስላሙም መረቀኝ። ስኒዬን ሳነሣ ሰዓቷ ወርዳ አውራ ጣቴ ሥር ቆመች። ከእኔ በፊት ያሰራት ሰው ግዙፍ ነበር።

በማግሥቱ ፒያሳ ሄድኩ። ጋሼ አርጅተው ነበር፤ እጃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። ያን የልጅነቴን መስታወት አሁን ከውስጥ በኩል ሆኜ አየሁት። እንደ ድሯቸው እጄን ተቀበሉ፣ አጥንቱን ነኩ፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ዘርግተው በብርሃን ላይ አዩት። ሰንሰለቱ ራሱ ከሰዓቷ ዘግይቶ የተሠራ ቢሆንም የኦሜጋን ምልክት መቆለፊያው ላይ ይዟል። «ይህ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚውል ነበር» አሉኝ። መቆለፊያው ከሥር በኩል ብቻ ስለተፋተገ ነው። አንድ ሰው ስንት ዓመት ሲጽፍ እንደኖረ ከብረቱ አነበቡት። ያሳዩኝ ብዬ እንደ ልጅነቴ ራሴን አስጠጋሁ።

መጀመሪያ የሰንሰለቱ ጫፍ ከሰዓቷ ገላ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በካሊፐር ለኩ፤ 18 ሚሊ ሜትር። ጫፉ ክብ ገላዋን ተከትሎ መቀመጥ አለበት። ክፍተት ካለው ሰንሰለቱ ይወዛወዝና ውስጥ ያለችውን ስፕሪንግ ያላት ቀጭን ፒን ቀስ በቀስ ይበላታል፤ ፒኗ የተሰበረች ቀን ሰዓቷ መሬት ላይ ናት። ሁለቱንም ፒኖች ጣሏቸውና አዲስ አስገቡ። «እሷ ርካሽ ናት፤ የምትሸከመው ግን ውድ ነው» አሉ።

ከዚያ ሰንሰለቱን በጎድጓዳ የእንጨት ደገፋ ላይ በጎኑ አቆሙት። በውስጥ በኩል፣ ቆዳ በሚነካው ገጽ ላይ፣ ትንንሽ ቀስቶች ተቀርጸዋል፤ ፒኑ የሚወጣው ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ነው፤ የሚገባው ደግሞ በተቃራኒው። ይህን ሳያይ በመዶሻ የሚመታ ሰው ሰንሰለቱን አበላሽቶ ይቀራል። አንደኛው ፒን በዝገት ተይዞ ነበር። ነጭ ጋዝ አንጠበጠቡበትና ሻይ አዘዙልን። አልቸኮሉም። ሻዩ ሲያልቅ በቀጭን ብረት ገፋ አደረጉት፣ ወጣ። ስለተበላም ሌላ ከመርፌ ብረት ቆርጠው፣ ሞርደው፣ ጫፉን አለስልሰው አበጁለት። ይህን የመሰለ ሥራ ስመለከት ጊዜው እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

ቁራጮቹን ከሁለቱም ወገን ነው የሚያወልቁት። ከአንድ ወገን ብቻ ከወለቀ መቆለፊያው ወደ ጎን ይሸሽና ሰዓቷ አጥንት ላይ ትጋደማለች፤ መቆለፊያው ደግሞ መሐል መዳፍ ሥር፣ የደም ሥሩ ላይ መተኛት አለበት። አሠሩልኝ። ትንሿ ጣቴ ከሥሩ ታልፋለች፤ ሰዓቷ አትንሸራተትም። እኔ ልክ ነው ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«የት ነው የምትውለው?»

«ኮምቦልቻ።»

«እንግዲያው ይሄ የደሴ ልክ ነው» አሉና ያወለቁትን አንድ ቁራጭ መልሰው አስገቡት።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ሚኒባስ የገባ ሰው ቦርከና ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ገላም እንደዚያው ነው። በሙቀት የቆዳ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ እጅ ያብጣል፤ በብርድ ይሰበሰባል። ደሴ ላይ በልኩ የተሠራ ሰንሰለት ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ ላይ ምልክቱን ይጥላል። ይህን ያነበቡት መጽሐፍ ላይ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሁለቱን ከተሞች እጆች ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው።

መቆለፊያው ጎን ላይ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች በመደዳ አሉ፤ ፒኗን በአንድ ቀዳዳ ማሳለፍ ሰንሰለቱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ያጠብባል ወይም ያሰፋል። ሹል ብረት ሰጡኝና ራሴ እንድሠራው አስተማሩኝ። እሑድ እናቴ ቤት ወደ ውስጥ፣ ሰኞ ፋብሪካ ወደ ውጭ። በኋላ በኋላ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ፣ ጠመዝማዛው አልቆ ሜዳው ሲታይ፣ እጄ ራሷ ታስታውሰኝ ጀመር። ከስዊዘርላንድ የወጣች፣ በማን በማን እጅ እንዳለፈች የማላውቃት ሰዓት የእኔ የሆነችው እዚያ መንገድ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የማስኬዳት። መሙያውን እስከ መጨረሻው ሳብ ሲያደርጉት ቀኑ አንድ ይዘላል። ወራችን ሁሉ 30 ስለሆነ እሷ 31 ልትል ስትነሣ አንድ ጊዜ ስቤ ወደ 1 አሻግራታለሁ። ጳጉሜን ሲያልቅ ብቻ ሥራ ይበዛል፤ እስኪዞር ድረስ ደጋግሞ መሳብ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ችቦ እስኪለኮስ ቁጭ ብዬ ይህን ስሠራ አበበን ሳላስብ አልቀርም።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረች ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠች የሚል ወሬ ሰማን። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለጨረታ ቀርባ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ተነሥታ ነበር። ሞዴሏ 2497 ነው፤ የወርቅ፣ የዘላለም የቀን መቁጠሪያ ያላት። የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ፣ የካቲታቸው መቼ 29 እንደሚሆን በጥርሶቿ ውስጥ ይዛ ትሄዳለች። በሰዓት ሥራ ከዚህ የረቀቀ ጥበብ ጥቂት ነው። ወሬውን ለጋሼ ነገርኳቸው። ስለ ዋጋው አልጠየቁኝም። ማጉያቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ጳጉሜንን ታውቃለች?» አሉ። አታውቅም አልኳቸው። ብዙ ጊዜ አሰቡና ለእኛ የምትሆነውን መሥራት ከዚያ እንደሚቀል አስረዱኝ። አሥራ ሁለት እኩል ወራት፣ ከዚያ አንዲት አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በእርሳስ ወረቀት ላይ ጥርሱን እየሣሉ አሳዩኝ። ያ ወረቀት አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ የሚያነበው የአገሬ ሰዓት ሠሪ ቢገኝ ደስ ብሎኝ እሰጠዋለሁ።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ የሚሠራው የጋሼ ረዳት የነበረው ልጅ ነው። ግማሹን ለሞባይል ጥገና ሰጥቶታል። ከሰዓት ሥራ ዋነኛ ገቢው ባትሪ መቀየርና ሰንሰለት ማሳጠር ሆኗል፤ በተለይ በጥር፣ የሠርግ ወር ሲመጣ። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት እህቶች ለሙሽራ ወንድማቸውና ለሚዜዎቹ ሰዓት ይልካሉ። ሁሉም ይሰፋል። እህት የወንድሟን እጅ የምታውቀው ስትሄድ እንደነበረ ነው፤ አሁን ያለውን በግምት ትገዛለችና ይበቃዋል ብላ ትልቁን ትመርጣለች። ልጁ ከአንድ ሰዓት ላይ ብዙ ቁራጭ ባወለቀ ጊዜ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አልተሳሳተም፤ ብዙ ያወለቀላቸው እህታቸውን ካዩ ብዙ ዓመት የሆናቸው ናቸው። የወለቁትንም በትንሽ ፖስታ ከትቶ፣ የባለቤቱን ስም ጽፎበት ይመልሳል፤ እጅ ይወፍራልና።

ባለፈው ጥር ሰዓቴን ላሳጥብ ገብቼ አንድ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር አገኘሁ፤ አራቱም አንድ ዓይነት ሰዓት ደርሷቸዋል። ልጁ የሦስቱን በተራ ለክቶ አወለቀላቸው። አራተኛው እጁን ሲዘረጋ አንጓውን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና የት እንደሚውል ጠየቀው።

«ባቲ» አለ ሚዜው።

ልጁ መዶሻውን አስቀምጦ መቆለፊያውን ብቻ በአንድ ቀዳዳ አጠበበለትና ሂሳብ ሳይቀበለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።